ሁለቱ ጌታሪያዎች

ሰሜን ስፔን፣ ቢልባኦ ከተማ ካምፐርቫን የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ካምፐርቫን አልጋ፣ ምድጃና ፍሪጅ የተገጠመለት ቫን ነው። ሰዎች ተከራይተውት በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር ግራና ቀኝ ያለውን፣ የራሱ ቋንቋ ያለውን የባስክን ምድር ይዞሩበታል፤ ቀን ይነዱታል፣ ማታ ያድሩበታል። የእኔ ድርሻ ርክክቡ ነው። ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት አንድ ሰዓት ያህል አብሬያቸው ቆሜ ሁሉንም አሳያለሁ። ንጹሕ ውሃ በየት እንደሚሞላ፣ የእጥበት ውሃ የት እንደሚደፋ፣ ጋዙ እንዴት እንደሚዘጋ።

ከዚያ ወደ መንገዱ ጉዳይ እንገባለን። የቫኑ ከፍታ ከ2 ሜትር ከግማሽ ያልፋል። ባሕር ዳር ባሉ ብዙ ፓርኪንጎች መግቢያ ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ የብረት ዘንግ አለ። ያንን ያላየ ጣራውን ያስገነጥላል። ማደሪያውም ሕግ አለው። ስፔን ውስጥ መኪና አቁሞ ውስጡ መተኛት ሌላ፣ ካምፕ ማድረግ ሌላ ነው። መኪናው በጎማው ቆሞ ምንም ነገር ወደ ውጭ ካልወጣ «ቆሟል» ይባላል። ወንበር ካወጣችሁ፣ ጥላውን ከዘረጋችሁ ግን ካምፕ አድርጋችኋል፤ ለእሱ ካምፒንግ መግባት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የከለከለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ማቆሙም አይቻልም።

መጨረሻ ላይ ስለ ቦታ ስሞች እነግራቸዋለሁ። ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። እዚህ አገር ብዙ ከተማ ሁለት ስም አለው። ሳን ሴባስቲያን ዶኖስቲያ ነው። ቪቶሪያ ጋስቴይስ ነው። ፓምፕሎና ኢሩኛ ነው። አንዱ ስም በስፓኒሽ፣ ሌላው በባስክ ቋንቋ። ድንበሩን ተሻግራችሁ ፈረንሳይ ብትገቡም ያው ነው፤ ባዮን ባዮና ይባላል። እኔ አዳማን ናዝሬት፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት ሲሉ ከኖሩ ሰዎች መሀል ስለሆነ ያደግሁት ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ለደንበኞቼም ሁልጊዜ አንድ ነገር እላቸው ነበር፦ «ሰሌዳ ላይ ሁለት ስም ካያችሁ አትደናገጡ። ሁለቱም ልክ ናቸው።»

አንድ መስከረም ላይ ሰባዎቹን ያለፉ ባልና ሚስት መጡ። ከሆላንድ ናቸው። ሴትዮዋ የምናገረውን ሁሉ በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይጽፉ ነበር። የት እንሂድ ብለው ጠየቁኝ። ሳላቅማማ ጌታሪያ አልኳቸው።

ጌታሪያ ከቢልባኦ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ደጅ ላይ በተተከለ የብረት ምድጃ ዓሣ በከሰል ይጠብሳሉ፤ ሽታው ወደቡ ድረስ ይወርዳል። በ1522 የማጄላንን የዓለም ዙሪያ ጉዞ ጨርሶ መርከቧን ወደ ስፔን የመለሰው ሁዋን ሴባስቲያን ኤልካኖ የተወለደው እዚያ ነው። ከወደቡ አጠገብ ደግሞ ወደ ባሕሩ የገባ ኮረብታ አለ። ከሩቅ ሲያዩት የተኛች አይጥ ይመስላል፤ ሰዉም «አይጧ» ነው የሚለው። ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ደብተራቸው ላይ አይጧን ሣሏት፣ ከሥሯ «ጌታሪያ» ብለው ጻፉ።

ከአምስት ቀን በኋላ ሊመሽ ሲል ስልኬ ጮኸ። ሽማግሌው ናቸው።

«ጌታሪያ ነን። ወደቡ ጋ ነን። ቁልፉ ከእጄ አምልጦ ባሕር ገባ።»

ስልካቸው ሊዘጋ ነው፤ 4 በመቶ ቀርቶታል። የባለቤታቸው ስልክ፣ ኮታቸው፣ የማታ መድኃኒታቸው መኪናው ውስጥ ተቆልፎበታል። ከጀርባቸው ባቡር ሲያልፍ ይሰማኛል። ጩኸቱ እስኪያልፍ ጠበቅሁና «ሁለተኛውን ቁልፍ ይዤ እየመጣሁ ነው፣ ከዚያ አይነቃነቁ» አልኳቸው። ስልኩ ተቋረጠ።

አለቃዬ ቁልፉን ከሳጥን አውጥታ ስትሰጠኝ «ቦታውን አረጋግጠሃል?» አለችኝ።

«ጌታሪያ፣ ወደቡ ጋ» አልኳት። ለሁለታችንም በቂ መሰለን።

አውራ ጎዳናውን ይዤ እስከ ሳራውትስ፣ ከዚያ በባሕሩ ጠርዝ በሚሄደው መንገድ ጌታሪያ ገባሁ። ካፊያ ጀምሯል። እዚህ «ሲሪሚሪ» ይሉታል፤ ሳይታወቅ አጥንት ድረስ የሚያረጥብ ዓይነት ነው። ወደቡን ዞርኩት። ቫኑ የለም። የላይኛውን ማቆሚያ አየሁ። የለም። ስልካቸውን ደወልኩ፤ ዝግ ነው። እንደገና ወደቡን ዞርኩ። ሁለት አረጋውያን በዝናብ ቆመው በሐሳቤ እየታዩኝ ሆዴ ተሸበረ።

አንድ ሰውዬ ደጅ ላይ የብረት ምድጃውን በሽቦ ብሩሽ ያጸዳል። ፍሙ ገና አልጠፋም፤ ካፊያው ሲነካው ቲስ ይላል። ባልና ሚስት አይተህ እንደሆነ ብዬ ጠየቅሁት። አላየም። «ወደቡ ጋ ነን ብለውኛል፤ ስናወራ እንዲያውም ባቡር ሲያልፍ ሰምቻለሁ» አልኩት።

ብሩሹን አስቀመጠ። «ባቡር? እዚህ ባቡር የለም።»

እውነቱን ነው። ባቡሩ ከሳራውትስ ወደ ሱማያ ሲያልፍ ጌታሪያን አይነካትም። ይህንን እኮ አውቃለሁ። ስንት ደንበኛ «ጌታሪያ በባቡር ይኬዳል?» ብሎ ሲጠይቀኝ አይኬድም፣ አውቶቡስ ነው ያለው ብዬ መልሻለሁ።

«የትኛዋ ጌታሪያ ናቸው?» አለኝ ሰውዬው። ክንዱን ወደ ምሥራቅ ዘረጋ። «በኢፓራልዴም አለች።»

ኢፓራልዴ «ሰሜኑ ወገን» ማለት ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ያለውን የባስክ ምድር እንዲህ ይሉታል። እዚያ ጌታሪ የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። በፈረንሳይኛ ጌታሪ ትሁን እንጂ በባስክ ስሟ ጌታሪያ ነው። ትንሽ ወደብ አላት። ከወደቡ በላይ የባቡር ጣቢያ አላት። ካለሁበት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

ዶኖስቲያን አልፌ፣ የቢዳሶአን ወንዝ ተሻግሬ ፈረንሳይ ገባሁ። ድንበሩ ላይ ማንም አላስቆመኝም። እነሱንም ማንም አላስቆማቸውም ነበር፤ ከተሻገሩ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። ያን ቀን ከባዮን ሲነሱ መኪናው ናቪጌሽን ላይ «ጌታሪያ» ብለው ጻፉ። የእኛ ናቪጌሽን ስሞችን በባስክ ቋንቋ ነው የሚያወጣው፤ ቅርብ የሆነችውን አቀረበላቸው። መንደሯ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ሰሌዳው ላይ ሁለት ስም አዩ፤ ጌታሪ እና ጌታሪያ። ሽማግሌው መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር። ሴትዮዋ ግን ደብተራቸውን ገልጠው አነበቡላቸው፦ «ሁለት ስም ካያችሁ አትደናገጡ። ሁለቱም ልክ ናቸው።»

ይህን በኋላ ሲነግሩኝ አንገቴን ደፋሁ። እኔ የነገርኳቸው አንድ ቦታ ሁለት ስም እንዳለው ነው። አንድ ስም ሁለት ቦታ ሊሆን እንደሚችል አልነገርኳቸውም።

ጣቢያው ጣራ ሥር ተጠልለው አገኘኋቸው። ከደወሉልኝ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ሽማግሌው የራሳቸውን ጃኬት ለባለቤታቸው አልብሰው እሳቸው በሸሚዝ ቆመዋል። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቫኑን ከፈትኩ፣ ማሞቂያውን አበራሁ፣ ሴትዮዋ መድኃኒታቸውን ዋጡ። ውሃ ጥደው ሻይ አፈሉልኝና እንድቀመጥ ግድ አሉኝ። ጣቶቼ ብርጭቆው ላይ መሞቅ ሲጀምሩ ደብተራቸውን ከፍተው ሥዕሉን አሳዩኝ።

«ከሰዓት ሙሉ ስንፈልጋት ዋልን» አሉ። «አይጧ የታለች?»

ስልክ ሲደወልልኝ ያን አንድ ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ ሰው ቤት ስፈልግ የመንገድ ስም ጠይቄ አላውቅም። አጠገብህ ምን አለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ነህ ወይስ ጀርባ፣ የሚታይህ ፎቅ ስንት ነው እያልኩ ነው የደረስኩት። ካርታ ስክሪን ላይ ሲመጣልኝ ያንን መጠየቅ ተውኩት።

ያን ሳምንት ከአለቃዬ ጋር የርክክቡን ወረቀት ቀየርነው። ከእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ ሁለቱም ስሞች፣ ግዛቱ፣ አገሩና የካርታ ነጥቡ ተጻፉ። ከሥር አንድ ባዶ መስመር ተውን፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ ፊት ለፊታቸው የሚያዩትን በእጄ እጽፋለሁ። ደንበኛ ተቸግሮ ሲደውል ደግሞ ከስሙ በኋላ የማስከትለው ጥያቄ «ቆመው ሲያዩ ምን ይታይዎታል?» የሚል ነው።

ባልና ሚስቱ በማግስቱ ወደ እውነተኛዋ ጌታሪያ ሄዱ፤ እውነተኛዋ ስል እኔ ያልኳቸውን ማለቴ ነው። ከሰዓት ላይ ፎቶ ላኩልኝ። ሰማዩ ጠርቷል። ሴትዮዋ ደብተሩን ወደ ካሜራው ገልጠው ይዘውታል። የሣሏት አይጥ ከፊት፣ ኮረብታው ከኋላ።