ከማዶ የመጣ ድምፅ

ዛሬ ማለዳ ወደ ሐይቁ ጥብቅ ስፍራ ሄጄ ነበር። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼ ወጣሁ። ሰሞኑን ሥራ ቦታ ጫጫታው በዝቶብኝ፣ ቤት ከገባሁ በኋላ እንኳ ጆሮዬ አላርፍ ብሎኛል። ዝም ያለ ቦታ ውል አለኝ።

የእግር መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። አንድ ኩርባ ላይ ሰው ለማሳጠር ብሎ ያቋረጠበት ሌላ ቀጭን መንገድ ተፈጥሯል። አፈሩ ተጠቅጥቆ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል፣ ሣር የሚባል የለበትም። እንዲህ የተረገጠ አፈር ውሃም አየርም አያስገባ፣ ሥርም አይሰድበት። አሳዘነኝ። ያተረፍነው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

ከዛፎቹ ስወጣ ሐይቁ ፊቴ ተዘረጋ። ነፋስ የለም። ሸምበቆው ውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። ሽመላ አንድ እግሩን አጥፎ ቆሟል። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥኩና ሳላውቀው ማንጎራጎር ጀመርኩ። እናቴ ልብስ ስታጥፍ የምታንጎራጉራት ዜማ ናት። ካረፈች ወዲህ አፌ ላይ መጥታ አታውቅም ነበር።

ዝም ስል "አራት፣ አምስት፣ ስድስት" የሚል የልጅ ድምፅ ሰማሁ። እዚሁ ጀርባዬ ያለች መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም። ድምፁ የመጣው ከማዶ፣ ከአሸዋው ዳር ነው። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለት ሰዎች ነጥብ አክለው ይታያሉ፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ትንሿ ድንጋይ ትወረውራለች። ውሃው ሲረጭ አያለሁ፣ ጭልፕ የሚለው ድምፅ ግን ከሰከንድ በላይ ቆይቶ ነው የሚደርሰኝ። "ቀስ በይ፣ የኔ እናት" ሲላት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል።

ማለዳ ውሃው ላይ የተኛው አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ከላዩ ያለው ሞቅ ይላል። ድምፅ ደግሞ በሞቃት አየር ውስጥ ይፈጥናል። ስለዚህ ሽቅብ ሊሄድ የነበረው ድምፅ ጎብጦ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ ሳይበተንም ማዶ ይደርሳል። ይህን ከዚህ በፊትም አውቀው ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ እነሱን ከሰማሁ፣ እነሱም እኔን ሰምተውኛል ማለት ነው።

ሐይቁን ዞሬ አሸዋው ጋ ስደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ልጅቷ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አባትዬው ሰላም አለኝና "ጠዋት ሲያንጎራጉሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት?" አለኝ። አዎ አልኩት። ድምፄ ረብሿችሁ ከሆነ ይቅርታ ልለው ስል "እስኪጨርሱ ድረስ ድንጋይ አንወርውር አለችኝ" አለ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ጫማዬን አውልቄ ከልጅቷ ጋር እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ላይ ላዩ ለብ ያለ ነው፤ እግሬ የረገጠው ጋ ግን ይቀዘቅዛል። እሷም "ታች ሌላ ውሃ አለ!" አለች። ልክ ናት። የሞቀ ውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል። ጠዋት ድምፃችንን ያሻገረው አየርም እንዲሁ ተደራርቦ ነበር። ነገርኳት። ምን ያህል እንደገባት እንጃ፣ ብቻ ጎንበስ ብላ የታችኛውን ውሃ በእጇ ትፈልግ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ በመጣሁበት ተመለስኩ። አቋራጩን አልነካሁትም። ግንዱ ጋ ስደርስ ነፋስ ተነስቶ ነበር። ከኔ ወደ እነሱ ነው የሚነፍሰው፣ ሸምበቆው በሙሉ ወደዚያ ተኝቷል። ልጅቷ አየችኝ መሰለኝ፣ ሁለት እጇን አንስታ ታወዛውዛለች። የሆነ ነገር እየጮኸች ይሆናል። ምንም አይሰማኝም። ነፋሱ ወደሷ ስለሆነ ግን የኔ ሊደርሳት ይችላል። ዜማዋን ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።