የጎኔ ምሳር

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ስምንተኛው የሸክላ ሰሌዳ ላይ ደረስን። እኔ በሸክላ ላይ የተጻፈውን፣ የጥንቷን ከተማ የኡሩክን ንጉሥ የጊልጋሜሽን ታሪክ ከእንግሊዝኛው እያየሁ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እማዬ ቡናዋን እየቆላች ትሰማለች። መጀመሪያ ለብቻዬ ነበር የማነበው፤ ጓደኛው ኤንኪዱ የሚሞትበት ጋ ስደርስ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።

ሰሌዳዎቹ የተገኙት በነነዌ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1853 ከአሦር ንጉሥ ከአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ፍርስራሽ ወጡ። ነነዌ ስላት «የዮናሷ?» አለችኝ። አዎ፣ ጾሙን የምንጾምላት ነነዌ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን የሩቅ አገር አድርጋ አትሰማውም።

ኤንኪዱ ጦር ሜዳ አልሞተም። ከጊልጋሜሽ ጋር የዝግባውን ጫካ ጠባቂ ሁምባባን ገደሉ፣ የሰማዩን በሬ ጣሉ፤ አማልክት ግን ከሁለቱ አንዱ ይሙት ብለው ፈረዱበት። 12 ቀን አልጋ ላይ ማቀቀ። ሲሞት ጊልጋሜሽ ልቡን ዳሰሰው፤ አይመታም። ፊቱን እንደ ሙሽራ ሸፈነለት፤ ግልገሎቿን እንደተነጠቀች አንበሳ ወዲያ ወዲህ እያለ ጸጉሩን ነጨ። ከዚያ አልቃሽ ይጠራ ጀመር። የኡሩክን ሽማግሌዎች፣ የጫካውን መንገዶች፣ ድቡን፣ ጅቡን፣ ኤፍራጥስን፣ እረኛውን ሁሉ አልቅሱለት ይላል።

«በጎኔ ያለው መጥረቢያ፣ በቀበቶዬ ያለው ጩቤ» ብዬ ስቀጥል እማዬ አስቆመችኝ።

«እንዲህ ተብሎ ይለቀሳል? ለቀስተኛው ዝም ይልሻል እኮ። የጎኔ ምሳር በዪው።»

እናቴ በሰፈራችን ሙሾ አውራጅ ነበረች። የቡናውን ምጣድ ከእሳቱ አወጣችና ለራሷ ደገመችው፦ የጎኔ ምሳር፣ የወገቤ ጩቤ፣ የፊቴ ጋሻ። ስንት ሺህ ዓመት በሸክላ ላይ የቆየ ቃል በእሷ አፍ ውስጥ ቦታውን ያገኘ መሰለኝ።

«እናት የለውም?» አለች ቆይታ። ኤንኪዱን ያሳደጉት የዱር አራዊት ናቸው። የጊልጋሜሽ እናት ኒንሱን ግን ወደ ጫካው ሳይሄዱ በፊት ልጄ ነህ ብላ ምልክት አንገቱ ላይ አስራለት ነበር። «የጡት ልጅ አደረገችው በዪኛ» አለችና አይኗን ጠረገች።

ጊልጋሜሽ ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት አላስቀብርም አለ፤ ከሬሳው አፍንጫ ትል እስኪወድቅ ድረስ። እማዬ «ይዞ የሚያስነሳው ሰው አጣ?» ብላ አዘነችለት። እኔ ግን ቀናሁበት። ጓደኛዬ የሞተችው ዱባይ ሳለሁ ነው። መርዶው በስልክ ደረሰኝ፤ የዚያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበርኩ ድምፄን አጥፍቼ ልብስ ስተኩስ ዋልኩ። ከ2 ዓመት በኋላ ስመጣ ሐውልቷ ቆሟል፣ ተዝካሯም ወጥቷል፤ ቤተሰቦቿ ስቀው ተቀበሉኝ። እሱ ትሉን አይቶ አመነ። እኔ እስካሁን ስልኬ ሲጠራ እሷ ትሆን እላለሁ።

ይህን ለእማዬ ነግሬያት አላውቅም፤ ዛሬ ነገርኳት። ቡናውን አልቀዳችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«እስቲ ጀምሪ» አለችኝ፣ «እኔ እቀበልሻለሁ።»