የገና ዱላ የሚቆረጠው ከመስቀል ማግስት ነው

በወገራ ደጋ የላይና የታች ሰፈርን ለገና ጨዋታ ማሰለፍ ብዙ አያስቸግርም። ሜዳው አጨዳ ያለቀበት ደልዳላ መሬት ነው፤ ባለ መሬቱን ማስፈቀድ ይበቃል። ቀኑ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ እንደ 2016ቱ፣ 28 ላይ ይውላል።

እኛን ያንገበገበን ዱላው ነው። የስፖርት ባለሙያዎች «ለሁሉም እኩል ይሁን» ብለው አናጺ ከጣውላ የቀረጸውን አመጡልን። ለዓይን ያምራል። ጣውላ ሲቀረጽ ግን የእንጨቱ ጅማት ቆልማማው ላይ ይቆረጣል፤ ጥንጓን፣ ማለትም የጨዋታውን ኳስ፣ አጥብቀው ሲመቱ እዚያው ላይ ይገነጠላል። ስባሪው እንደ ጦር የሾለ ስለሆነ አጠገብ ላለ ተጫዋች ዓይን አይመለስም። ይህን ስንናገር «መመሪያ ነው» ተባልን። ዛሬም ያናድደኛል። እኩል መሆን ያለበት የሰው ቁጥር እንጂ ዱላው አይደለም፤ ዱላ በባለቤቱ ቁመት ነው የሚለካው፤ ቆሞ ሲይዙት ወገብ ላይ ይድረስ።

ስለዚህ ራሳችሁ ቁረጡ። ከወይራ የሚበልጥ የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ግን አይነካም፣ ከገደል አፋፍ ፈልጉ። በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ ካገኛችሁ ጅማቱ ከነቆልማማው ስለሚዞር አይሰበርም። ካጣችሁ ቀጥ ያለውን በእርጥቡ ልጣችሁ፣ ፍም ላይ እያገላበጣችሁ አሙቁና ቀስ አድርጋችሁ አጉብጡት። ነበልባል አታስነኩት፤ ከውጭ ያርና ውስጡ ሳይለዝብ ይቀራል። እንደጎበጠ በጠፍር እሰሩት።

ብዙ ዱላ የሚበላሸው ማድረቅ ላይ ነው። እንጨት እርጥበቱን ቶሎ የሚለቀው በጫፉ በኩል ነው፤ ጫፉ ቀድሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለቱንም ጫፍ እበት ለቅልቁና ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ስቀሉት። ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰው ለማገዶ ነው ያሰጣው። ከመስቀል እስከ ገና ሦስት ወር ስላለ መጣደፍ አያስፈልግም። ጠፍሩ የሚፈታው በዋዜማው ሳምንት ነው፤ ቀድሞ ከተፈታ ቆልማማው ይመለሳል። ከዚያ ሞራ ቀቡት።

ጥንጓን ከወይራ ሥር ስትጠርቡ የእንጨቱን ልብ አውጡት፤ ልብ ያለባት ጥንግ ለሁለት ትፈነከታለች። ለልጆች ግን የእንጨት ጥንግ አልፈቅድም። እርጥብ ጠፍር አጥብቃችሁ ጠቅልሉላቸው፤ ሲደርቅ ራሱ ይጨማደድና ይጠነክራል።