የግንባር እባጭን ከፀጉር ጀርባ ገብቶ ማውጣት፦ እስካሁን የደረስኩበት

የግንባር እባጭን በካሜራ እንዴት እንደምናወጣ ጻፍልን ብላችሁ ወጥራችሁ ስለያዛችሁኝ ይኸው ጻፍኩ። ገና ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለ ሐኪም) ነኝ፤ ያለ ሲኒየር ብቻዬን አልሠራም። እንደዚያ አድርጋችሁ አንብቡት።

ግንባሩን ከላይ ከመቅደድ ይልቅ ከፀጉሩ መስመር ጀርባ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከፈትና እስከ እባጩ ድረስ ከቆዳ ስር መንገድ ይወጣለታል። ካሜራው ባለ 4 ሚሊ ሜትር፣ 30 ዲግሪ ነው። የአንገት በላይ ሐኪሞች ለሳይነስ የሚጠቀሙበት ዓይነት ስለሆነ ከእነሱ እንዋሳለን። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ለቅንድብ ማንሳት የተለመደው ዘዴ ነው ወደዚህ የመጣው።

ፈተናው እባጩን ማውጣቱ አይደለም፤ ቦታ ማግኘቱ ነው። ሆድ በጋዝ ይነፋል፣ ሳይነስ በተፈጥሮው ክፍት ነው። ግንባር ላይ ግን ክፍተቱን ራሳችሁ ፈጥራችሁ፣ ራሳችሁ ይዛችሁ መቆየት አለባችሁ። የካሜራው መሸፈኛ ጫፍ ቆዳውን ወደ ላይ ደግፎ ይይዛል። እጅ ትንሽ ሲዝል ጣራው ይወርድና ስክሪኑ ቀይ ብቻ ይሆናል።

ይህን ለመለማመድ የጠቀመኝ የበግ ጭንቅላት ነው፤ ቀንድ የሌለው፣ ቆዳው ያልተገፈፈ። ሜቲሊን ብሉ (ሰማያዊ ቀለም) የነካ መርፌ ከቆዳው በላይ አጥንት እስኪነካ እወጋለሁ። ከዚያ ከኋላ ገብቼ አጥንቱ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ነጥብ በካሜራ እፈልጋለሁ። (ጭንቅላቱ ለምን ወደ ጥብስ እንደማይሄድ ቤት ውስጥ እስካሁን ማስረዳት አልቻልኩም።) ነጥቧን ሳልዋከብ ማግኘት ስጀምር ነው ሲኒየሬ ካሜራውን የሰጠኝ።

ሰው ላይ ዋናው ነገር ንብርብሩን ማወቅ ነው። ኦስቲኦማ (የአጥንት እባጭ) የአጥንቱ የውጭ ገጽ ላይ ስለሚበቅል ፔሪኦስቲየሙን (አጥንቱን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን) አንስተን ከስሩ እንሄዳለን። የግንባር ሊፖማ (የስብ እባጭ) ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከፍሮንታሊስ፣ ማለትም ቅንድብን ከሚያነሳው የግንባር ጡንቻ ስር ነው። እሱን ማደንዘዣው ሳይወጋ በፊት በእስክሪብቶ አክብቡት። ማደንዘዣው (ሊዶካይንና አድሬናሊን) ከገባ በኋላ አካባቢው ሁሉ ስለሚያብጥ በጣት አይገኝም።

ወደ ቅንድብ ስትጠጉ የሱፕራኦርቢታል ነርቭ (ለግንባርና ለራስ ቆዳ ስሜት የሚሰጠው) አለ። ጥልቁ ቅርንጫፉ ከቴምፖራል መስመር (በግንባሩ ጎን ካለው የአጥንት ጠርዝ) ወደ መሃል ከ0.5 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ባለው ቦታ ወደ ላይ ያልፋል፤ ከተጎዳ የራስ ቆዳ ይደነዝዛል። ከቅንድብ በላይ ያሉትን የመጨረሻ 2 ሴንቲ ሜትሮች ያለ ካሜራ አንነካም።

ለሁሉም እባጭ አይሆንም። ቆዳው ላይ ቀዳዳ ያላት ሲስት (ከረጢት መሰል እባጭ) ከቆዳው ጋር ስለተያያዘች ከላይ ትውጣ። ሕፃን ልጅ ላይ መሃል ለመሃል፣ ወደ አፍንጫው መነሻ የተጠጋ እባጭ ካያችሁ ግን ዴርሞይድ (ከተወለዱ ጀምሮ ያለ ሲስት) ሊሆንና ወደ ራስ ቅል ውስጥ ሊዘልቅ ስለሚችል ኤምአርአይ ሳይነሳ ቢላ አይነሳም። ኦስቲኦማው ብዙ ከሆነ ጋርድነር ሲንድሮምን (አንጀት ውስጥም ብዙ እባጭ የሚያበቅል የዘር በሽታ) አስቡና አንጀቱን አስመርምሩ። በራ ሰው ላይ ጠባሳው መደበቂያ ስለሌለው የግንባሩን መስመር ተከትሎ መቅደዱ ይሻላል ባይ ነኝ።

የእኛ ሰው ላይ የሚመች ነገርም አለ። ሹሩባ የተሠራች ታካሚ ፀጉሯን መላጨት አያስፈልጋትም፤ በሁለቱ ጉንጉኖች መካከል ባለው መስመር እንገባለን። የከርዳዳ ፀጉር ስር ከቆዳ በታች ስለሚጠመዘዝ ግን የቁስሉ ጠርዝ ላይ ኮተሪ (በኤሌክትሪክ አቃጥሎ ደም ማቆሚያ) ካበዛችሁ ፀጉሩ ተመልሶ አይበቅልም።

አሁን እየተማርኩ ያለሁት ኦስቲኦማውን ከአጥንቱ በመሮ ማላቀቅ ነው። ካሜራውንና መሮውን እኔ እይዛለሁ፣ መዶሻውን ሲኒየሬ ይመታል። መሮው አጥንቱ ላይ የተኛ ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ቀና ካለ ጤነኛውን አጥንት ይበላል። እባጩ ሲላቀቅ ድምፁ ይለወጣል፤ ከቀዳዳው ከሰፋ እዚያው ውስጥ ሰብረን እናወጣዋለን። ከዚያ ደም እንዳይቋጥር ጠበቅ ያለ ፋሻ።

ቀጥሎ ድሪል ነው። አጥንቱን ስታለሰልሱ ውሃውንና መምጠጫውን እንዴት እንደምታስኬዱት የሞከራችሁት ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ካሜራው እየተረጨበት አላሳይ ብሎኛል።