ትረስት አለን ብለን ተኝተን ነበር

ባለፈው ቅዳሜ የቤቱን ኢንሹራንስ ወረቀት ልፈልግ ብዬ ፋይሉን ሁላ ስገለብጥ የቤታችን ዲድ (የባለቤትነት ሰነዱ) እጄ ገባ። ላነበው እንኳን አልነበረም፣ ዝም ብዬ አየት ሳደርገው ግን ዓይኔ ስሙ ላይ ቀረ። የኔና የባለቤቴ ስም፣ ባልና ሚስት፣ ጆይንት ቴናንሲ (አንዱ ሲሞት ቤቱ ለሌላው የሚያልፍበት የጋራ ባለቤትነት)። አለቀ። ትረስት የሚል ቃል የለም።

ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ቤቱ የናንተው አይደል ትሉኝ ይሆናል። ችግሩማ ከስድስት ዓመት በፊት ለሎየር ከፍለን ሊቪንግ ትረስት አሰርተን፣ ያንን ወፍራም ባይንደር መደርደሪያ ላይ ሰቅለን፣ ከዛ ወዲህ የውርስ ነገር አለቀ ብለን ተኝተናል።

ለማያውቀው፣ ሊቪንግ ትረስት በቁም እያላችሁ የምታቋቁሙት አደራ ነው። ንብረታችሁን በትረስቱ ስም ታዞሩታላችሁ ግን ባለአደራውም ራሳችሁ ስለሆናችሁ ትሸጡታላችሁ፣ ታከራዩታላችሁ፣ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ታፈርሱታላችሁ፣ ታክሱም ያው በራሳችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው የሚሄደው። ልዩነቱ የሚመጣው ስትሞቱ ነው (እናቴ ይሄን ብታነብ አታሟርቺ ትለኛለች)፣ ወይ ደግሞ ታማችሁ ራሳችሁን መምራት ሲያቅታችሁ። ያኔ ተተኪ ብላችሁ የጻፋችሁት ሰው ፍርድ ቤት ሳይመላለስ ይረከብና እንዳላችሁት ያደርጋል።

ኑዛዜ አለኝ በቃኝ የሚል ሰው ብዙ ነው። ኑዛዜ ግን ከፕሮቤት (የሟች ንብረት በፍርድ ቤት ተጣርቶ ለወራሾች ከሚተላለፍበት ሂደት) አያድንም፣ እንዲያውም ኑዛዜው ራሱ በፍርድ ቤት በኩል ነው የሚያልፈው፣ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። እዚህ ካሊፎርኒያ ደግሞ የሎየሩ ክፍያ በህግ የተተመነ ነው፣ ከመጀመሪያው 100 ሺህ ዶላር 4 በመቶ፣ ከሚቀጥለው 100 ሺህ 3 በመቶ፣ ከዛ በላይ እስከ 1 ሚሊዮን ድረስ 2 በመቶ። የ900 ሺህ ዶላር ቤት ብትሉ 21 ሺህ ዶላር ለሎየሩ፣ ያን ያህል ደግሞ ንብረቱን የሚያጣራው ሰው መጠየቅ ይችላል። ያበገነኝ ምን መሰላችሁ፣ ስሌቱ የሚሰራው በቤቱ ሙሉ ዋጋ ነው፣ ባንኩ 700 ሺህ ቢቀረውም ሞርጌጁ አይቀነስም!

ወደኛ ጉድ ልመለስ። ቤቱ መጀመሪያ ትረስቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ2021 ወለድ ወርዶ ሁሉም ሪፋይናንስ ሲያደርግ (የቤት ብድሩን ባነሰ ወለድ በአዲስ ብድር ሲቀይር) እኛም ገባንበት፣ አበዳሪው ለጊዜው ከትረስቱ አውጡት አለ፣ ኖታሪው (ፊርማ የሚያረጋግጠው ሰው) ማታ ቤት መጥቶ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ያን ሁሉ ክምር ወረቀት እያገላበጠ እዚህ ፈርሙ እዚህ ፈርሙ ሲለን ከመሀል አንዷ ይቺ ነበረች። መልሶ ማስገባቱ የኛ ስራ ነበር፣ የነገረን የለም፣ እኛም አልጠየቅንም። አንዳችን ብንሞት ቤቱ ለሌላው ያልፋል፣ እሱ ችግር የለውም። ሁለታችንም ባንድ መኪና ብንሄድስ? ባይንደሩ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ልጆቹ ፕሮቤት በር ላይ ይቆማሉ ማለት ነው።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም፣ አዲስ ዲድ ተጽፎ፣ ኖታሪ ፊት ተፈርሞ፣ ካውንቲ ሄዶ መመዝገብ ነው። ባለቤቴ ባንኩ ብድሩን ባንዴ ክፈሉ ቢለንስ ብሎ ፈርቶ ነበር ግን የምትኖሩበትን ቤት ወደ ራሳችሁ ትረስት ስታዞሩ ባንክ እንደዛ እንዳይል የ1982 የፌደራል ህግ ይከለክለዋል። የንብረት ግብሩም በዚህ ምክንያት እንደገና አይተመንም።

ትረስት ሁሉን ያደርጋል ብለው የሚሸጡላችሁን ደግሞ አትስሟቸው። እንደኛ ያለው በፈለጋችሁ ሰዓት የሚፈርስ ትረስት ዕዳ ከሚጠይቃችሁ ሰው አይሸሽግም፣ በራሱ የውርስ ታክስም አይቀንስም (የፌደራሉ ከ2026 ጀምሮ በሰው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ላለው ነው፣ ምነው ጭንቀቴ እሱ በሆነ)። ፎር ኦ ዋን ኬያችሁንም (በመስሪያ ቤት በኩል የምታጠራቅሙትን የጡረታ ገንዘብ) በትረስቱ ስም ላዙር እንዳትሉ፣ ገንዘቡን እንዳወጣችሁት ተቆጥሮ ታክስ ይመጣባችኋል፣ እሱ ላይ ወራሽ ብላችሁ የሞላችሁትን ፎርም ማየት ነው የሚበቃው፣ እኔ ሳይ ከማግባቴ በፊት የሞላሁት ነበር፣ ፎርሙ ላይ ያለችው ወራሽ እህቴ ናት! የትንንሽ ልጆች አሳዳጊ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ኑዛዜው ላይ ስለሆነ ትረስት ያለው ሰውም ኑዛዜ ያስፈልገዋል። አገር ቤት ያለ ቤት ካላችሁ እሱ በዛው አገር ህግ ነው የሚሄደው፣ እዚህ ትረስት ላይ ጽፌዋለሁ ብላችሁ አትመኑ፣ እዛ ያለ ጠበቃ ጠይቁ።

ዲዱን ካወቅኩ በኋላ ለወንድሜ ደወልኩለት፣ ተተኪ ባለአደራ ብለን የጻፍነው እሱን ነው።

"አንተ እኮ ነህ ተተኪያችን" ስለው

"የምኑ?" አለኝ።

ለካ አልነገርነውም። እሁድ ቡና ጠርቼዋለሁ፣ ባይንደሩን እያገላበጠ ይጠጣል።