ማንም ሳያውቅ ብዬ የለመንኩት

ለዚህ ምስክርነት ያበቃኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ አረቄና ስለ ጫት ሱስ የሚሰጥ ምስክርነት ብዙ ሰምተናል። የእኔ ሱስ ግን በሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ የመጣ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ በሽተኛ ሳነሣ ወገቤ ተጎዳ፤ ሃይድሮኮዶን ያለበት ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ወገቤ ተሻለው፣ ክኒኑ ግን አልለቀቀኝም። ሲዘገይብኝ አጥንቴን ይቆረጥመኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ጠጪ በትንፋሹ ይታወቃል፤ ነጠላዋን አጣፍታ ኪዳን የምታደርስ ሴትን ማን ይጠረጥራል?

በዚያን ጊዜ የማቲው ፔሪ የሕይወት ታሪክ እጄ ገባ። «ፍሬንድስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1994 እስከ 2004 ቻንድለርን ሆኖ የተጫወተው ነው፤ እንግሊዝኛዬን ያፍታታሁት በእርሱ ቀልድ ነው። መጽሐፉን ያሳተመው በ2022 ነው። መጠጥ የጀመረው በ14 ዓመቱ ነበር። በኋላም በጄት ስኪ (በውኃ ላይ በሚነዳ ሞተር) አደጋ ምክንያት የተሰጠው የእኔው ዓይነት ክኒን በቀን እስከ 55 ደረሰ። ሚሊዮኖች እየሳቁለት እርሱ ክኒን ይቆጥር ነበር። እሑድ እሑድ ለሽያጭ የሚጎበኙ ቤቶች ውስጥ ገዢ መስሎ ይገባና ከመታጠቢያ ቤታቸው መድኃኒት ይሰርቅ እንደነበረም ጽፏል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔ የምገባው ዝክርና ለቅሶ ቤት ነበር። ሐዘንተኛዋን አቅፌ ሳልጨርስ ዓይኔ መታጠቢያ ቤቱን ይፈልጋል።

ያም ሆኖ አነበብኩት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ተንበርክኮ «እርዳኝ፣ መኖርህን አሳየኝ» ብሎ እንደጸለየ፣ ወርቃማ ብርሃንም እንደታየው ይናገራል። ቀናሁበት። ሱባኤ ያዝኩ፤ ጸሎቴም አንድ ነበር፦ «ማንም ሳያውቅ ውሰድልኝ።» ብርሃን አልመጣም።

የመጣችው የማኅበራችን አንዲት እናት ናት። ከቤቷ ስወጣ እስከ መኪናዬ ተከተለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ለጉልበቴ የታዘዘልኝን ጨርሰሽብኛል። አልተቀየምኩሽም። ነገ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ። ልክድ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ልቅሶ ነው። ማንም ሳያውቅ ብዬ የለመንኩትን አምላክ በሰው አፍ መለሰልኝ። በማግስቱ ቡና እንኳ ሳታፈላ መጣች።

የሱስ ሐኪሙ ከምላስ ሥር የሚሟሟ፣ ከክኒኔ ወገን የሆነ ግን ሱሱን የሚያረጋጋ ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት ጀመረልኝ። ቁርጥማቱና ላቡ ጋብ አለ፤ እንቅልፍ አገኘሁ። ይህን የሰሙ አንዳንዶች «አንዱን ሱስ በሌላ መለወጥ ነው፣ ጸበሉ አይበቃም ወይ?» ብለው አስጨነቁኝ። የንስሐ አባቴ ግን መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ገልጠው፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን አነበቡልኝ። ስለዚህ ጸበሉንም እጠጣለሁ፣ መድኃኒቱንም እወስዳለሁ። የወገቤ ሕመም በክረምት አሁንም ይነሣል፤ ለማንኛውም ሐኪም መጀመሪያ የምነግረው የሱስ ታሪኬን ነው።

ማቲው ፔሪ በጥቅምት 2023 በ54 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ቤቱ ሞተ። ዋናው ምክንያት ኬታሚን የተባለ የማደንዘዣ መድኃኒት እንደነበር በምርመራ ታወቀ። ያን ሰሞን አንድ ሰው «ያ የጠራው አምላክ የት ነበር?» ብሎ ሲሳለቅ ሰምቼ ደሜ ፈላ። ፔሪ እኮ በ2018 አንጀቱ ፈንድቶ፣ የመትረፍ ዕድሉ 2 በመቶ ነው ተብሎ፣ ለሁለት ሳምንት ራሱን ስቶ ከቆየበት ተነሥቶ ነው መጽሐፉን የጻፈው። ማሊቡ የነበረውን ቤቱን ከሱስ ለሚያገግሙ ወንዶች መኖሪያ አድርጎ ነበር። ስሞት ከድራማው ይልቅ ሰዎችን በመርዳቴ አስታውሱኝ ብሎም ነበር። በመጨረሻ ወደቀ ተብሎ ያ ሁሉ ከንቱ ይባላል? እኔ ከንቱ አልልም፤ መጽሐፉ ሐፍረቴን ስም ሰጥቶ ባያሳየኝ ኖሮ እዚያ መኪና አጠገብ ክጄ እሄድ ነበር።

ስሙን በጸሎት መጽሐፌ ከሞቱብኝ ዘመዶቼ ስም በታች ጽፌዋለሁ። የንስሐ አባቴ ቢያዩት ምን እንደሚሉ እንጃ፤ አልጠየቅኋቸውም።