ዘጠኝ ወር በኦሽንሳይድ፦ የአክስቴ ቤት፣ ዋናና ሞገድ

ካሊፎርኒያ ከገባሁ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። ያረፍኩት ኦሽንሳይድ፣ አክስቴ ቤት ነው። ከሳንዲያጎ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የባሕር ዳር ከተማ ናት። እዚህ ሰው የሰርፊንግ (ሞገድ ላይ ቆሞ የመንሸራተት) ቦርዱን በብብቱ ይዞ በባዶ እግሩ አስፋልት ሲያቋርጥ ማየት የተለመደ ነው። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከበሬሳ ወንዝ ሌላ ብዙ ውሃ አላውቅም፤ ዋናም አልችልም ነበር። ዘመድ ቤት ሆናችሁ አዲስ አገር ለምትለምዱ ይጠቅም እንደሆነ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ መሳቀቅ ልናገር። አክስቴና ባለቤታቸው አንድም ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። ግን የሰው ቤት የሰው ቤት ነው። ፍሪጅ ስከፍት እሳቀቃለሁ። ሻወር ስገባ ደቂቃ እቆጥራለሁ። የምተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ስለሆነ ሁሉም ሳይነሱ ብርድ ልብሴን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር። እነሱ ወደ ሥራ፣ ልጃቸው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቤቱ ጭር ይላል። መኪና የለኝ፣ ሥራ ገና አልጀመርኩ። አንድ ቀን ዝም ብዬ ቁልቁል መሄድ ጀመርኩ። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ባሕሩ ፊት ለፊቴ ነበር።

እዚያ ፒር የሚሉት ረጅም የእንጨት መተላለፊያ አለ። 590 ሜትር ያህል ባሕሩ ውስጥ ይዘልቃል። የአሁኑ እ.ኤ.አ. በ1987 የተሠራ ሲሆን በተራው ስድስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹን አንድ ወር ተኩል ያሳለፍኩት እዚያ ላይ ቆሜ ሰርፈሮቹን ከላይ በማየት ነው። ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባኝ። ሰርፈሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሞገዱ በቡድን በቡድን ነው የሚመጣው፤ ጥቂት ትልልቆች ይከታተላሉ፣ ከዚያ ውሃው ጋብ ይላል። በእዚህ አገር ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ፣ የሚመጣው ሞገድ ከሰሜን ፓስፊክ ማዕበል የተነሳ ነው። በእዚህ አገር በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ገደማ፣ ደግሞ ከደቡብ፣ ከኒውዚላንድ በኩል ሳይቀር ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይደርሳል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ባሕሩን ሳይ ከሩቅ የመጣሁት እኔ ብቻ አልመስለኝ አለ።

ኅዳር ላይ የከተማው መዋኛ ለአዋቂ ጀማሪዎች በሚሰጠው ትምህርት ተመዘገብኩ። አክስቴ ሲሰሙ ደነገጡ። «በሰላም አምጥቼሽ ባሕር ይብላሽ? ለእህቴ ምን ብዬ ልንገራት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ገባሁላቸው፦ ገንዳውን አራት ጊዜ ሳላርፍ ሳልመላለስ ባሕር አልገባም አልኳቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተማርኩት ትንፋሽ ብቻ ነበር። ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ቀና ብሎ መሳብ። በጀርባ መንሳፈፍ ከሁሉ ከበደኝ፤ አንገቴ ይገተር ነበር። አስተማሪዋ ጆሮሽ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ሆድሽን ወደ ላይ ግፊው አለችኝ። የዚያን ዕለት ተንሳፈፍኩ። አራቱ ምልልስ የሞላልኝ በጥር መጨረሻ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አቆምኩ። እስከ 9 ሰዓት እየጾምኩ በባዶ ሆድ ጥልቅ ውሃ መግባት ተገቢ አልመሰለኝም። በዚያ ፈንታ ከአክስቴ ጋር ኩሽና ገባሁ። የባሕሩ ጭጋግ ቤቱን ስለሚያቀዘቅዘው ሊጡ ቶሎ አይቦካም፤ ምድጃው አጠገብ እያስቀመጥን ነው የምናስቦካው። እንጀራ መጋገሩን ሙሉ በሙሉ ከተረከብኩ በኋላ ፍሪጁን ስከፍት መሳቀቁ ቀረልኝ። ዘመድ ቤት ላላችሁ ይህን እመክራለሁ፦ አንድ ሥራ ጠቅልላችሁ የራሳችሁ አድርጉ። «ላግዝዎት?» እያሉ መቆም እንግድነትን ያራዝማል።

ግንቦት ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ባሕር ገባሁ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ነው የተወለደው። ሰማዩ ከግንቦት እስከ ሰኔ ጠዋት ጠዋት ዳመና ነው። ነፋሱ ገና ስላልተነሳ ግን ውሃው ለስላሳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ የሚነፍሰው ንፋስ ሞገዱን ይበታትነዋል። የተጠቀምኩት ዘጠኝ ጫማ ርዝመት ያለው፣ ላዩ ስፖንጅ የሆነ የጀማሪ ቦርድ ነው። ዌትሱት የሚባለውን ጠባብ የጎማ ልብስ ሰው የተጠቀመበት ገዛሁ።

እባካችሁ ይህንን ያዙልኝ። ሞገድ በሁለት በኩል እየተሰበረ መሀሉ ጸጥ ያለ ቦታ ካያችሁ፣ አትግቡበት። ለጀማሪ ደህና ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ወደ ዳር የመጣው ውሃ ተመልሶ ወደ ውስጥ የሚወጣበት ጅረት ነው፤ ሰው የሚወስደውም እሱ ነው። ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አውጡና ጠባቂዎቹን ጥሩ፣ ከቻላችሁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ውጡ። ሌላው፣ አሸዋው ውስጥ የሚደበቅ ጅራቱ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። እግርን ሳያነሱ አሸዋውን እየጎተቱ ከሄዱ ራሱ ይሸሻል። መሀሉ ላይ ጥቁር ክብ ያለበት ቢጫ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ ሰርፊንግ ክልክል ነው።

እስካሁን መቆም የቻልኩት ተሰብሮ ነጭ አረፋ የሆነው ሞገድ ላይ ብቻ ነው። ሰኔ ላይ በጉልበቴ፣ ሐምሌ ከገባ ሁለት ጊዜ በእግሬ ቆሜያለሁ። ያልተሰበረውን ገና አልያዝኩም። ክንዴ ቶሎ ስለሚዝል ገንዳውን በሳምንት ሁለት ቀን ቀጥያለሁ።

ልጁ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲጠሩት በእንግሊዝኛ ነበር የሚመልሰው። ውሃ ውስጥ ግን አጭር ቃል ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ በድንጋጤ ጊዜ እንግሊዝኛ ቶሎ አይመጣልኝም። ስለዚህ «ቅዘፊ»፣ «ጠብቂ»፣ «ተነሺ» አስተማርኩት። መጀመሪያ «ተነስ!» እያለ ይጮህብኝ ነበር፤ ለሴት እንዲህ ነው እያልኩ አረምኩት። ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቡና በቴርሞስ ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሞገዱ ከኋላዬ ሲመጣ ልጁ «ቅዘፊ፣ ቅዘፊ፣ ተነሺ!» አለ፣ ጥርት አድርጎ። እኔ ዘግይቼ ሞገዱ አለፈኝ። ዞር ስል አክስቴ ቆመዋል፤ ወደ ልጃቸው እያዩ ነበር።